ቮልስ በጅማ ክረምት፦ ከሰኔ በፊት የሚሠራ ሥራና የግቤን ቁልቁለት አወራረድ

ግንቦት ሲጋመስ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ለቮልሴ እሰጣለሁ። ቡና ይፈላል፣ የጅማ በርጩማዬን ከኋላዋ አስቀምጣለሁ፣ የሞተሩን ኮፈን ከፍቼ ሥራ እጀምራለሁ። ሞተሯ ከኋላ፣ ያውም ከመሬት ዝቅ ብሎ ስለሆነ፣ በርጩማ ላይ ለተቀመጠ ሰው ሁሉም ነገር እጁ ላይ ነው።

ጅማ ላይ ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ ብቅ ይላል። ሰኔ ከገባ ደግሞ እስከ መስከረም አይለቀንም። የቮልስ ሞተር በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር የለውም፤ እሱ እንደሆነ ክረምትን አይፈራም። የሚያሳስበኝ ላሜራዋ ነው። ቀጥሎ ፍሬኗ፣ ከዚያ ቺንጋዋ (ማራገቢያዋን የምታዞረው የጎማ ቀበቶ)።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ በየግቢው ዛፍ ሥር የቆሙት ቮልሶች ፈላጊ አግኝተዋል። "ልግዛት? ላስነሳት?" እያሉ የሚጠይቁኝ ልጆች በዝተዋል። መልሴ ሁሌም አዎ ነው። የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ከሚባል ከተማ የወጣችው በፈረንጆቹ 2003 ነው። እስከዚያ ከ21 ሚሊዮን በላይ ስለተሠራች ዕቃዋ ዛሬም ይገኛል። ግን ገዝታችሁ በመጀመሪያው ክረምት እንዳታጧት፣ በመጀመሪያው የአዲስ አበባ ጉዞም አደጋ እንዳይደርስባችሁ፣ እኔ በየዓመቱ የማደርገውን በተራው ልንገራችሁ።

ከወለሉ ጀምሩ

ቮልሴን ስገዛት ወለሏ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቅ ነበር። ሻጩ የወሰዳት ጋራዥ ቀዳዳውን በስቱኮ ሞልቶ ላዩን ቀብቶት ኖሯል። ነሐሴ ላይ ልጄ ከኋላ ተቀምጣ "አባዬ፣ እግሬ ረጠበ" አለችኝ። ምንጣፉን ሳነሳው አስፋልቱ ታየኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወለሉን ሳላይ ሌላ ሥራ አልነካም።

ምንጣፉን በሙሉ አውጡ። የፊት ወንበሮቹን ወደፊት ገፍታችሁ ከሐዲዳቸው አስወጧቸው፤ የኋላውን መቀመጫም አንሱት። ከዚያ በካቻቢቴ እጀታ ወለሉን ከዳር እስከ ዳር አንኳኩ። ጤነኛ ላሜራ ጥርት ያለ ድምፅ አለው። የበሰበሰው ወይም በስቱኮ የተሞላው ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል። የተጠራጠራችሁትን ቦታ በካቻቢቴው ጫፍ ጫን በሉት። ከገባ፣ መፍትሔው አዲስ ላሜራ ቆርጦ መበየድ ብቻ ነው። ባትላሜራው "በስቱኮ እንጨርሰው፣ ይረክስልሃል" ቢላችሁ እሺ አትበሉ። የወንበሩ ሐዲድ የተያያዘው ከዚሁ ወለል ጋር ነው። በግጭት ጊዜ ወንበራችሁን ይዞ የሚቀረው ይኸው ላሜራ ነው።

አሁን ከኋላ መቀመጫ ሥር በቀኝ በኩል ተመልከቱ። ባትሪው ያለው እዚያ ነው። የብዙ ቮልሶች ወለል መጀመሪያ የሚበላው በዚህ ቦታ ነው፤ አሲዱ እየተንጠባጠበ ይጨርሰዋል። ባትሪውን አውጡት። ቦታውን ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ እጠቡት። አረፋው ሲያቆም በንጹሕ ውሃ አለቅልቁትና አድርቁት። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጉ፣ ፀረ ዝገት ቀለም ሁለት እጅ ቀቡት፣ ባትሪውን ስትመልሱ ከሥሩ ወፍራም ጎማ አንጥፉለት።

እዚሁ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። የኋላ መቀመጫው ውስጡ የሽቦ ሞላ ነው። ከበድ ያለ ሰው ሲቀመጥበት ሞላው ወርዶ የባትሪውን ጫፍ ሊነካ ይችላል። ያኔ ብልጭታ ይፈጠራል፣ የመቀመጫው ሙሌት ይቀጣጠላል። ስለዚህ የባትሪውን ላይ በጎማ ወይም ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ክዳን ሸፍኑት። ከብስክሌት ከመነዳሪ የተቆረጠ ቁራጭ እንኳን ይበቃል። ሰው ከኋላ ከመጫናችሁ በፊት ይህን አድርጉ።

ውሃው የት እንደሚገባ ፈልጉ

ለዚህ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ባትሪ መብራት ይዞ ውስጥ ይቀመጥ፣ ሌላው ውጭ ሆኖ በጎማ ቱቦ ውሃ ያፍስ። ከታች ጀምራችሁ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ውጡ። ከላይ ከጀመራችሁ ውሃው በሁሉም ቦታ ስለሚወርድ ቀዳዳው የት እንደሆነ አይለይም።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የፊት መስታወት ጎማ ላይ ነው። ደርቆ ከተሰነጣጠቀ ማጣበቂያ እየቀቡ ዕድሜ መቀጠል ትርፉ ድካም ነው፤ ጎማው ይቀየር። ቀጥሎ በሮቹ ናቸው። ከየበሩ ታች ውሃ የሚያወጡ ትንንሽ ክፍተቶች አሉ። የጅማ ቀይ አፈር ይደፍናቸዋል። በቀጭን ሽቦ ጠርጓቸው። በመጨረሻ የፊት ኮፈኑን ክፈቱና ስኮርታውን አንሱ። ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ ከተኛ የኮፈኑ ጎማ አልቋል ማለት ነው።

መኪናዋን በፕላስቲክ አትሸፍኗት። ፕላስቲክ ዝናቡን ቢከለክልም ከመሬት የሚነሳውን እርጥበት ይዞ ላሜራዋ ላይ ያሳድረዋል። ጎኑ ክፍት የሆነ የቆርቆሮ ጥላ ይሻላታል። ሣር ላይ ከምትቆም ድንጋይ በተነጠፈበት ላይ ትቁም። ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር በሮቿን ከፈት አድርጉላት።

የቤንዚን ቱቦ

ቮልስ ተቃጠለች ሲባል ብዙውን ጊዜ መነሻው ይህ ነው። ከፊት ካለው ታንከር የሚመጣው ቤንዚን ሞተሩ ጋ ሲደርስ በአጫጭር የጎማ ቱቦዎች ያልፋል። እነሱ ይደርቃሉ፣ ይሰነጠቃሉ፣ ቤንዚኑም የጋለ ሞተር ላይ ይንጠባጠባል። ቱቦውን አጠፍ አድርጉት። ስንጥቅ ካሳየ ዛሬውኑ ቀይሩት። እኔ ደህና ቢመስልም በየሁለት ዓመቱ እቀይረዋለሁ። በሽቦ አይታሰርም፤ በብሎን የሚጠብቅ ማሰሪያ ይኑረው። የፕላስቲክ ማጣሪያ ሞተሩ ክፍል ውስጥ ተንጠልጥሎ ካገኛችሁ ከሞተሩ ሙቀት አርቁትና ወደ ካምቢዮው በኩል ወይም ከታንከሩ ሥር አስገጥሙት። እሳት ማጥፊያውን ደግሞ ከሾፌሩ ወንበር አጠገብ አድርጉት። ከፊት ኮፈን ውስጥ ከሆነ አይደረስበትም።

ቺንጋ

ቮልስ ላይ አንዷ ቺንጋ ዲናሞውንም ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ማራገቢያም ታዞራለች። ከተበጠሰች ማቀዝቀዣ የለም። ዳሽቦርዱ ላይ ቀዩ መብራት ይበራል። ያ መብራት ሲበራ "ሰርቦ ድረስ ልግፋት" አይባልም። ዳር ይዛችሁ ወዲያው አጥፏት። ጥቂት ኪሎ ሜትር በዚያ ሁኔታ መንዳት ሞተር ይበላል።

ቺንጋዋን መሐሏን በአውራ ጣት ጫን በሉት። 15 ሚሊ ሜትር ያህል ከገባች ልክ ናት። ከላላች የዲናሞውን ፑሊ ፍቱ። በሁለቱ የፑሊ ግማሾች መካከል ቀጫጭን ሮንዴላዎች አሉ። አንድ ስታወጡ ቺንጋዋ ትጠብቃለች፣ አንድ ስትጨምሩ ትላላለች። ያወጣችሁትን አትጣሉት፤ ከፑሊው ውጭ በኩል ከብሎኑ ሥር አስቀምጡት፣ ነገ ትፈልጉታላችሁ። ትርፍ ቺንጋና 21 ቁልፍ ከመኪናዋ አይለዩ። መንገድ ላይ መቀየር ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ ግን አንዴ በጨለማ ከመሞከር ቀደም ብሎ በጸሐይ ግቢ ውስጥ መለማመድ ይሻላል።

ቫልቭና ዘይት

ይህን ሥራ ከሌላው ሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ። ያስተማሩኝ ሽማግሌ መካኒክ "ልጄ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ፣ አንተም ሳትቸኩል" ይሉኝ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው። ሌሊት ያደረ፣ በእጅ ሲነካ የሚቀዘቅዝ ሞተር ላይ ነው የሚሠራው።

የሚያስፈልገው 13 ቁልፍ፣ ካቻቢቴና የክፍተት መለኪያ ስስ ብረት ነው። የካንዴላ ሽቦዎች የሚሰበሰቡበትን የዲስትሪቢዩተር ክዳን ክፈቱ። ታችኛውን ትልቁን ፑሊ እያዞራችሁ ምልክቱን ከሞተሩ መሐል ስፌት ጋር አገጣጥሙ። ውስጥ የምትዞረው ጣት የዲስትሪቢዩተሩ ጠርዝ ላይ ካለችው ጭረት ትይዩ ከሆነች አንደኛው ሲሊንደር ላይ ናችሁ። ካልሆነች አንድ ሙሉ ዙር ጨምሩ።

አንደኛው ሲሊንደር በቀኝ በኩል ወደ መኪናዋ ፊት የሚጠጋው ነው። ሁለተኛው ከእሱ ኋላ። ሦስተኛው በግራ ወደ ፊት፣ አራተኛው በግራ ወደ ኋላ። የቫልቭ ክዳኑን የያዘውን የሽቦ ማሰሪያ በካቻቢቴ ወደ ታች ገፍታችሁ ክዳኑን አውልቁ። ትንሽ ዘይት ይፈስሳል፣ ዕቃ ደቅኑለት። አሁን መለኪያውን በቫልቩና በብሎኑ መካከል አስገቡ። በአብዛኞቹ ሞተሮች ልኩ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው፤ በአንዳንድ የቆዩ ሞተሮች 0.10 ነው። ሞተሩ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ ካለ እሱን እመኑ። መለኪያው ሲሳብ ቅቤ ውስጥ እንደሚሄድ ቢላ ለስለስ ብሎ መያዝ አለበት። ከላላ ብሎኑን አጥብቁ፣ አልገባም ካለ አላሉት። ነቱን ስታጠብቁ ብሎኑ አብሮ እንዳይዞር በካቻቢቴ ያዙት፣ ከዚያ ደግማችሁ ለኩ።

ቀጥሎ ፑሊውን በግማሽ ዙር ወደ ግራ፣ ማለትም ከሰዓት ዘንግ በተቃራኒ አዙሩ። ሁለተኛው ሲሊንደር ይመጣል። እንደገና ግማሽ ዙር፣ ሦስተኛው። እንደገና፣ አራተኛው። ሦስተኛው ላይ ጊዜ ውሰዱ። በብዙዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው አየሩን ስለሚከልለው ከሌሎቹ የበለጠ ይግላል፤ ቫልቭ የሚቃጠለውም ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። የጠበበ ቫልቭ ድምፅ አያሰማም። ስለዚህ "ሞተሬ ጸጥ ብሏል" ብላችሁ አትዘናጉ። ትንሽ ጠቅ ጠቅ የሚል ይሻላል።

ዘይቱን በዚያው ቀን ቀይሩ። 2.5 ሊትር ብቻ ትወስዳለች፤ መጨመር ጉዳት አለው። የድሮዎቹ የወረቀት ማጣሪያ የላቸውም። ከሥር በስድስት ነት የተያዘ የሽቦ ወንፊት አለ፣ አውጥታችሁ በቤንዚን እጠቡት። ወንፊቱ ላይ የሚያብለጨልጭ ብረት ካያችሁ መካኒክ ይይላችሁ። እኔ ዘይትና ቫልቭ በየ5,000 ኪሎ ሜትር አብሬ እሠራለሁ።

ፍሬን

አብዛኞቹ የአገራችን ቮልሶች አራቱም ጎማ ላይ ያላቸው የከበሮ ፍሬን ነው። ሸራው በተበላ ቁጥር ፔዳሉ ወደ ታች ይርቃል። ጎማውን በክሪክ አንሱ፣ ሌሎቹን በድንጋይ አስደግፉ፣ በቀዳዳው ካቻቢቴ አስገብታችሁ ጥርስ ያላትን ማስተካከያ አዙሩ። ጎማው በእጅ አልዞር ሲል ሦስት አራት ጥርስ መልሱ። ጎማው ነጻ ዞሮ ሸራው በትንሹ ሲነካካ ከተሰማ በቂ ነው። በየጎማው ሁለት ማስተካከያ አለ፣ አንዱን ብቻ ሠርታችሁ አትተዉ።

የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። እንደ ጅማ ባለ ቦታ ደግሞ ይብሳል። ውሃ የገባበት ዘይት በረጅም ቁልቁለት ሲግል ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይገባል። በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ ይቀየር። የቆየችው ቮልስ ፍሬን አንድ መስመር ብቻ ነው፤ አንድ ቦታ ቢያፈስ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። ለዚህ ነው የእጅ ፍሬኗ ሁሌም መሥራት ያለበት።

ጎማ ላይ አጭር ነገር ልናገር። ጎሚስታው ሁሉንም 30 ፒ.ኤስ.አይ. ሊሞላላችሁ ይችላል። ቮልስ ክብደቷ ከኋላ ነው። ፊት 18፣ ኋላ 27 አስሞሉ። ልዩነቱን የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ትረዱታላችሁ።

ከፈረንጆቹ 1967 ሞዴል በፊት የወጡት በብዛት 6 ቮልት ናቸው፣ መብራታቸውም ደከም ያለ ነው። አምፖል ከመቀየራችሁ በፊት ከላሜራው ጋር የተያያዙትን የመሬት ሽቦዎች ፈትታችሁ በብርጭቆ ወረቀት አጽዱ። ብዙ ጊዜ ችግሩ ዝገት ነው። የዝናብ መጥረጊያውን ጎማም ቀይሩ፣ ዋጋው ትንሽ ነው።

ከተማ ውስጥ

ጅማ ውስጥ ከቮልስ ጋር መንገድ የሚጋሯት ባጃጆች ናቸው። ሰው ሲያዩ ባሉበት ይቆማሉ። የከበሮ ፍሬን እንደ አዲስ መኪና ቶሎ አይዝም፣ ዝናብ ላይ ደግሞ ይባስ። ከባጃጅ ኋላ ከሆናችሁ ሁለት ባጃጅ የሚያስገባ ክፍተት ተዉ። ሌላው ገብቶ ቢሞላው ደግማችሁ ተዉ፤ አይክፋችሁ። ሐሙስ ወደ ሂርማታ ገበያ የሚሄደው ሕዝብ፣ በቅሎውና በጉ መንገዱን ሲሞላው ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ መውጣት ብልህነት ነው።

ውሃ የተኛበት መንገድ ካለፋችሁ በኋላ ዝግ ብላችሁ እየነዳችሁ ፍሬኑን ለስለስ አድርጋችሁ ጥቂት ጊዜ ንኩት። ሸራው ይደርቃል። ይህን ሳታደርጉ ወደ ቁልቁለት አትግቡ። ከጅሬን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ስወርድ ይህን ረስቼ አንድ ቀን ፍሬኑ ወደ ግራ ጎትቶኝ ያውቃል። ሰው አልነበረም፣ ተመስገን።

የወንበር ቀበቶ ከሌላት አስገጥሙ። የድሮ መኪና ናት ብሎ መተው አይሆንም፤ የድሮ በመሆኗ ነው ይበልጥ የሚያስፈልጋት። መሪው ወደ ደረት የሚመጣ ቀጥ ያለ ዘንግ ያላቸው ሞዴሎች አሉ።

ግቤን መውረድ

አዲስ አበባ ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ንጋት ላይ ውጡ፣ ግን ሳይነጋ አትውጡ። በቦዬ ረግረግ በኩል ጠዋት ጉም ይተኛል፤ ባለ 6 ቮልት መብራት ጉም አይሰነጥቅም። ቡና በሚለቀምበት ወቅት ከአጋሮም ከሌላውም የተጫኑ አይሱዙዎች መንገዱ ላይ ይበዛሉ። ለመቅደም አትጣደፉ። ቮልስ ጉልበቷ ትንሽ ነው፣ በእኛ ከፍታ ደግሞ አየሩ ስለሚሳሳ ይቀንሳል። ጅማ ከባሕር ወለል 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት።

አሰንዳቦን፣ ሰኮሩን፣ ሳጃን አልፋችሁ አበልቲ ስትደርሱ ቁሙ። ሻይ ጠጡ። ቺንጋዋን እዩ፣ ጎማውን በእጅ ነክታችሁ ሙቀቱን አነጻጽሩ። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከጋለ ፍሬኑ ይዞ ቀርቷል። እዚያው አላሉት እንጂ እንዲህ ሆናችሁ ወደ ግቤ አትውረዱ።

ቁልቁለቱን በምን ማርሽ ልውረድ ለሚል፣ ያንኑ ቁልቁለት ሽቅብ ቢወጡት በሚያስፈልገው ማርሽ ነው። እኔ በሦስተኛ እጀምራለሁ፣ ሲብስ ሁለተኛ። ማርሹን ዜሮ አድርጎ ቤንዚን ለመቆጠብ መንሸራተት ሰው የጨረሰ ልማድ ነው። ፍሬኑን እግር ሳይነሳ አትርገጡ። ጠንከር አድርጋችሁ ያዙ፣ ፍጥነቱ ሲወርድ ልቀቁ፣ ከበሮው አየር ያግኝ። የሚሸት ነገር ካለ ወይም ፔዳሉ ከለሰለሰ ዳር ይዛችሁ ግማሽ ሰዓት አሳርፏት። ውሃ አትድፉበት፤ የጋለ ብረት ይሰነጠቃል።

ኩርባ ላይ ደግሞ ሌላ ጠባይ አላት። በቆዩት ሞዴሎች የኋላ ጎማዎች ከካምቢዮው እንደ ክንፍ ተንጠልጥለው ነው የሚሄዱት። በፍጥነት ገብታችሁ መሐል ላይ ደንግጣችሁ ነዳጅ ብትለቁ ወይም ፍሬን ብትይዙ፣ ውጭ በኩል ያለው ጎማ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ኋላዋ ይዞራል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ፍጥነት የሚቀነሰው ከኩርባው በፊት ነው። ከገባችሁ በኋላ ነዳጁን በትንሹ ያዙ፣ መሪውን አረጋጉ።

ከድልድዩ ወዲያ ወደ ወልቂጤ ሽቅብ ነው፣ ሙቀቱም ሌላ ነው። እዚህ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሞተሩ "እንዳይጮህ" ብሎ በከፍተኛ ማርሽ መግፋቱ ነው። ማራገቢያው የሚዞረው በሞተሩ ፍጥነት ልክ ነው። ሞተሩ ዝግ ካለ አየሩም ያንሳል። ማርሽ ቀንሱ፣ ሞተሩ ይዙር፣ ራሱን ያቀዘቅዛል። ለደጋ ተብሎ አነስተኛ ጂግለር (ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍበት ቀዳዳ) የተገጠመላት መኪና ደግሞ ግቤ ታች ስትደርስ ቤንዚን አንሷት ትግላለች፤ እዚህ ላይ ለመካኒካችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ። በሙቀቱ ቤንዚኑ ቱቦ ውስጥ ተኖ ከጠፋች፣ የቤንዚን ፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጉና አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ትነሳለች።

አናት ላይ ስትደርሱ ወዲያው አታጥፏት። ቆማ አንድ ሁለት ደቂቃ ትሥራ።

ከመኪናዋ የማይለይ

ትርፍ ቺንጋ፣ የቤንዚን ቱቦ ግማሽ ሜትር ከነማሰሪያው፣ ሁለት ካንዴላ፣ አንድ ሊትር ዘይት፣ ክሪክ፣ አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘን። ሊብሬ፣ ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን መድን። ሌላ ዕቃ ሲያስፈልግ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አስፈልጌ በአውቶቡስ አስልካለሁ። አሮጌውን ዕቃ ሳትጥሉ ፎቶውን ላኩ፣ የሞዴሉን ዓመት ጻፉ። "የቮልስ" ብቻ ካላችሁ የሌላ ዓመት ዕቃ ይመጣላችኋል።

ከጉዞ ስትመለሱ የዚያኑ ዕለት ማታ ምንጣፉን አውጥታችሁ ገመድ ላይ ስቀሉት። ከፓራፋንጎዎቹ ሥር የተጋገረውን ጭቃ ሳይደርቅ እጠቡ። ጠዋት ከሥሯ ጎንበስ ብላችሁ መሬቱን እዩ። የዘይት ጠብታ ካለ ምንጩን ፈልጉ፣ ከፊት ጎማ አጠገብ የረጠበ ካለ ግን የፍሬን ዘይት ሊሆን ስለሚችል ሳይታይ ከግቢ አትውጣ።